በሰው ስም የተሠራ ፍቅር

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ብራም ስቶከር እ.ኤ.አ. በ1897 ያሳተመውን የደም መጣጩን የድራኩላን ልብ ወለድ ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ በ1992 ፊልም ካደረገው ወዲህ ተመልካቾች ሲከራከሩበት ይኖራሉ። እኩሌቶቹ «ልብ የሚሰብር ፍቅር ነው» ሲሉ፣ እኩሌቶቹ «ታሪኩ ተበላሸ» ይላሉ። ስለ ልብሱ ማማር አልከራከርም፤ የኦስካር ሽልማቱ ይገባዋል። የእኔ ክርክር ሚና ስለምትባለው ሴት ነው። በመጽሐፉ ድራኩላ ሌሊት መኝታ ቤቷ ገብቶ፣ ማጅራቷን ጨምድዶ ይዞ፣ ከደረቱ የሚፈሰውን ደም በግድ ያጠጣታል፤ ባሏም አጠገቧ ፈዝዞ ተኝቷል። እርሷ ግን ተስፋ አልቆረጠችም፤ ጠላቷ የሚሸሽበትን የወንዝ መንገድ አስባ የደረሰችበት ራሷ ናት። በፊልሙስ? ደሙን በፈቃዷ ለምና የምትጠጣ ወዳጁ ሆነች። የተጠቃችውን ሴት የአጥቂዋ ፍቅረኛ ማድረግ ምን ዓይነት ፍርድ ነው? «የፊልም ሠሪው መብት ነው» ትለኝ ይሆናል። ይሁን፤ በራሱ ስም ይሥራዋ! እርሱ ግን ርእሱን «የብራም ስቶከር ድራኩላ» አለው። አንድ ወዳጄ ፊልሙን አይቶ «ስቶከር ፍቅርን እንዴት አድርጎ ጽፎታል!» ሲል ሰምቼ፣ መጽሐፉን አንብቦ እንደ ሆነ ብጠይቀው ሳቀ። ስቶከር በ1912 ሞቷል፤ እኔ እንዲህ አልጻፍሁም ብሎ የሚሟገትበት አፍ የለውም።