ጆከር ኢትዮጵያ መጥቶ ማንን ገደለ?

ባትማን የተባለውን ካባ ለባሽ ጀግና የማያውቅ የከተማ ልጅ ዛሬ ጥቂት ነው። ባላንጣውን ጆከርንም እንዲሁ። ያ ፊቱ የነጣ፣ ከንፈሩ የቀላ፣ ሰው እየገደለ የሚስቅ ወንበዴ እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2019 በወጡት ፊልሞች አማካይነት በየቤታችን ገብቷል። ነገር ግን ከወንጀሎቹ ሁሉ ይበልጥ የሚነሣበትን ወንጀል የፈጸመው ጎተም በተባለችው ምናባዊት ከተማ እንዳልሆነ ስንቶቻችን እናውቃለን? የፈጸመው እዚህ ነው። በኢትዮጵያ ምድር፣ በአንድ መጋዘን ውስጥ።

ታሪኩ «የቤተሰብ ሞት» ይባላል። ጂም ስታርሊን ጽፎት፣ ጂም አፓሮ ሥሎት፣ እ.ኤ.አ. በ1988 በባትማን መጽሔት ከቁጥር 426 እስከ 429 ወጣ። ሮቢን የሚባለው የባትማን ረዳት፣ ጄሰን ቶድ የተሰኘው ወጣት፣ የወለደችውን እናቱን ፍለጋ ይነሣል። በሊባኖስ በኩል አድርጎ ዞሮ ዞሮ ኢትዮጵያ ይደርሳል። እናቱ ሺላ ሄይውድ ለረሀብተኞች እርዳታ በሚሰጥ ድርጅት ውስጥ ስትሠራ ያገኛታል። ጆከርም እዚያው ነው። የሴትዮዋን የቆየ ነውር ስለሚያውቅ ያስፈራራትና ለተራበው ሕዝብ የመጣውን መድኃኒት ይነጥቃል። በምትኩ እያሳቀ የሚገድለውን መርዙን በሣጥን አሽጎ ወደ መጠለያው ይልካል። ሺላም ንጽሕት አይደለችም፤ ከእርዳታው ገንዘብ ስትሰርቅ ቆይታለች። እናም ልጇን አሳልፋ ትሰጣለች። ጆከር ልጁን በብረት ዘንግ ይቀጠቅጠዋል፤ እናትና ልጅን መጋዘኑ ውስጥ ትቶ ፈንጂ ያፈነዳባቸዋል። መርዝ የጫኑትን መኪናዎች ሊያስቆም የሄደው ባትማን ሲመለስ የሚጠብቀው ፍርስራሽ ነው።

ልጁ ይሙት ወይስ ይዳን? ይህን የወሰነው ደራሲው አልነበረም። አሳታሚው ዲሲ ኮሚክስ ሁለት የስልክ ቁጥሮች አወጣና አንባቢው ለ36 ሰዓት ድምፅ እንዲሰጥ ጋበዘ። የአንዱ ጥሪ ዋጋ 50 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። 5,343 ጥሪዎች «ይሙት» አሉ፤ 5,271 ደግሞ «ይኑር» አሉ። ጄሰን ቶድ በ72 ድምፅ ብልጫ ሞተ። ለዚህ ፍርድ የተከፈለው ሒሳብ ሲደመር 5,307 ዶላር ነው፤ በዚያን ዘመኑ የ2 ብር ከ07 ሳንቲም ምንዛሪ 11,000 ብር የማይሞላ። በመጠለያው ስላለው ሕዝብ ግን የደወለም፣ ደውል የተባለም የለም።

ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙ በማይርቀው በሩዋንዳ ሰፈር ቡና ይዘው ስለ ፊልምና ስለ ኮሚክ ከሚሟገቱ ወጣቶች ፊት ይህን ታሪክ ያነሣ ሰው ሁለት ወገን ሲሰለፍ ያያል። አንደኛው ወገን ይቆጣል። «አገራችንን የረሀብ ምሳሌ አደረጓት፤ ስማችንን አጎደፉት» ይላል። ሁለተኛው ትከሻውን ነቅንቆ «ልብ ወለድ አይደል እንዴ፤ ባትማን እኛ ጋ መምጣቱ ራሱ ኩራት ነው» ብሎ ያልፋል። እኔ ከሁለቱም ጋር አልስማማም።

ሁለተኛውን ወገን ለመመለስ ብዙ መድከም አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2010 ይኸው ታሪክ ወደ አኒሜሽን ፊልም ሲዞር የልጁ መሞቻ ከኢትዮጵያ ተነሥቶ ወደ ሳራዬቮ ተዛወረ። መጋዘኑ አለ፣ ብረቱ አለ፣ ፈንጂው አለ፤ አገሩ ብቻ ተለወጠ። ታሪኩም ምንም አልጎደለበትም! በቲያትር መድረክ ጀርባ እንደሚሰቀል ሥዕል ወርደን ሌላ ተሰቀለ ማለት ነው። በ1988 የዓለም መከራ ሲባል ለአሜሪካዊ አንባቢ ትዝ የምትለው ኢትዮጵያ ነበረች፤ ቀጥሎ ቦስንያ ሆነች። በዚህ የሚኮራ ካለ ይኩራ።

የመጀመሪያው ወገን ግን ሊታዘንለትም ሊሞገትም ይገባዋል። ረሀቡ እኮ እውነት ነበር። በ1977 ዓ.ም. የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩሊስ አውሮፕላኖች ከዚሁ ከቦሌ እየተነሡ እህል ወደ ሰሜን ያመላልሱ ነበር፤ ድምፃቸውን የሰሙ አዛውንቶች ዛሬም አሉ። የሟቹን ቁጥር አጥኚዎች ከ400,000 እስከ 1 ሚሊዮን ያደርሱታል። ስታርሊን ይህን አልፈጠረውም። እንዲያውም ለሰውዬው አንድ ነገር ልመስክርለት፤ በየመድረኩ ለኢትዮጵያ በተዘፈነበት ማግስት፣ ከእርዳታ የምትሰርቅ ነጭ የእርዳታ ሠራተኛ መሣል ድፍረት ይጠይቃል።

ታዲያ ቅሬታዬ ምንድን ነው? ክፉው ሰው ከውጭ መምጣቱ ነው።

እስቲ እናስተውል። ኮሚኩ በወጣበት በዚያው በ1988 ደርግ የውጭ አገር የእርዳታ ሠራተኞችን ከትግራይና ከኤርትራ እንዲወጡ አዝዟል። ከዚያ በፊት፣ በ1978 ዓ.ም.፣ ወደ 600,000 የሚጠጋውን ሕዝብ ከቀዬው ያነሣውን የሰፈራ ዘመቻ በአደባባይ ያወገዘውን የፈረንሳዩን «ድንበር የለሽ ሐኪሞች» አባሯል። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽኑን ይመሩ የነበሩት ሻለቃ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ እንኳ ውጭ ቀርተው ያዩትን በእንግሊዝኛ ጽፈው እ.ኤ.አ. በ1989 አሳትመዋል። መድኃኒትና እህል ከተራበው አፍ እንዲርቅ ለማድረግ ፊት መቀባትም መርዝ መቀመምም አላስፈለገም፤ ማኅተም ያለው ደብዳቤ በቂ ነበር። ስታርሊን ለኢራን ሲደርስ የአገሪቱን መሪ ኾሜይኒን ራሳቸውን አምጥቶ ጆከርን በተባበሩት መንግሥታት አምባሳደር ያሾማቸዋል። የኢትዮጵያው ወንጀል ግን የጆከርና የሺላ ሆኖ ቀረ። ጆከር መጥቶ ሸክሙን ከገዛ ጨካኞቻችን ትከሻ ላይ አወረደላቸው። ስድብ ካለ ይኸኛው ነው፤ እኛ ደግሞ የምንቆጣው በሌላው!

ክፉ ሰው መሣል የሚያውቁማ ነበሩ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዕለት ዋዜማ፣ ደርግ የጆናታን ዲምብልቢን የወሎ ረሀብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር እያቀያየረ በቴሌቪዥን አሳየ። የሚሞት ሕፃን፣ ቀጥሎ የሚቆረስ ኬክ። ከዚያ የበለጠ የባላንጣ አሣሣል በየትኛው ኮሚክ አለ? ያው መንግሥት ግን ከ10 ዓመት በኋላ የአብዮቱን በዓል በድምቀት ሲያከብር የራሱን ረሀብ ደበቀ፤ ዓለም የኮረምን ሕዝብ ያየው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ ነው። የትናንቱን ክፉ መሣል ይቻላል፤ ይበረታታልም። የዛሬውን ክፉ መሣል ነው ራስ የሚያስበላው።

በዓሉ ግርማ ይህን በሕይወቱ ከፈለ። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። በመጽሐፉ ውስጥ ጆከር አልነበረም። በየቢሮው የሚታወቁ፣ አንባቢ «ይኼ እገሌ ነው» የሚላቸው ሰዎች ነበሩ። የጄሰን ቶድን ሞት 10,614 ጥሪዎች ወሰኑት፤ የበዓሉን ሞት ማን እንደወሰነው ግን እስከ ዛሬ በግልጽ አልተነገረንም። ጄሰን ቶድ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2005 ከመቃብር ተነሥቶ ወደ መጽሔቱ ተመልሷል።

አሁን ወደ ራሳችን ኮሚክ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2018 በብስራት ደበበ መሥራችነት የተቋቋመው ኢታን ኮሚክስ «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣልን። ጀግናው ትምህርቱን ጨርሶ በአዲስ አበባ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። ከዚያም «ሐዊ» የተባለችው ጀግኒት ተከተለች። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ኢትዮጵያዊ በመጠለያ ውስጥ መርዝ የሚጠብቅ ሕዝብ ሳይሆን ራሱ የሚበር፣ ራሱ የሚያድን ሆነ። ደስ ብሎኛል፤ ግን ደስታዬ ሙሉ አይደለም። ከዚህ በኋላ ለሚነሡት ሠዓሊዎችና ጸሐፊዎች የማቀርበው ጥያቄ አለኝ፦ ጀግናውን አገኘን፤ ባላንጣውን ከየት ልታመጡት ነው? ከሌላ ዓለም? ከጥንት አፈ ታሪክ? ከውጭ ኩባንያ? ባላንጣችሁ ቀንድ ካበቀለ፣ የአዲስ አበባ አንባቢ አንድም የሚያውቀውን ሰው ሳያስታውስ መጽሐፉን ያጥፈዋል። የውጭው ደራሲ ጨካኞቻችንን የማያውቃቸው ከሩቅ ስለሆነ ነው። እናንተስ ምን ሰበብ አላችሁ?

«በኮሚክ ይህን ያህል ቁም ነገር ምን ያደርጋል፤ የልጆች መጫወቻ አይደለም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። ልጆች ክፉን ሰው መጀመሪያ የሚያውቁት ከየት ሆነና? እኛ ጅብንና ጭራቅን ከአያቶቻችን ተረት ተምረናል፤ ጅብ ደግሞ ሌት ይመጣል፣ ጭራቅም ከሰው ተለይቶ ይታወቃል። ክራቫት አስሮ በቀን የሚመጣውን ያስተማረን የለም። ለዚህም ይመስለኛል ሲመጣ «ጌታዬ» ብለን ወንበር የምንስብለት።

ወደ መጋዘኑ ልመለስ፤ መጋዘኑ ልብ ወለድ ሆኖ አልቀረምና። በ2015 ዓ.ም. የአሜሪካው የተራድኦ ድርጅትና የዓለም የምግብ ፕሮግራም የምግብ እርዳታቸውን መጀመሪያ ለትግራይ፣ በሰኔ ወር ደግሞ ለመላው ኢትዮጵያ አቆሙ። ምክንያቱ ለተራበው የመጣው ምግብ እየተዘረፈ ገበያ መውጣቱ ነበር። አሜሪካኖቹ ዘረፋውን ሰፊና የተቀናጀ ብለውታል። እርዳታ ጠባቂው ወደ 20 ሚሊዮን ሰው ይገመት ነበር። እርዳታው እንደገና መከፈት የጀመረው ከወራት በኋላ ነው፤ በእነዚያ ወራት ውስጥ የሰው ሕይወት አልፏል።

ስታርሊን በ1988 የሣለው ሣጥን፣ መኪና፣ የተሰረቀ እርዳታ ሁሉ በዚያ ክረምት እዚህ ነበር። ቁልፉን የያዘው ሰው አለ። ወጪ ደረሰኙ ላይ የፈረመ፣ ጆንያውን ለነጋዴ የመዘነ፣ የጭነት መኪናውን በኬላ ያሳለፈ ሰው አለ። ይህ ሰው ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርሳል፤ ለቅሶ ይደርሳል፤ በዕድሩ ውስጥም የተከበረ ነው። እርሱን ሣሉልን።