ነጭ ወይስ ክሬም? ክርክሩ ይብቃ!



የመሰብሰቢያ ክፍላችን ስቱኮ ከደረቀ ሰንብቷል። ግድግዳው ግን እስካሁን አልተቀባም። ምክንያቱ የገንዘብ እጥረት አይደለም፤ ገሚሱ ነጭ፣ ገሚሱ ክሬም ካልሆነ ብሎ ስለ ተፋጠጠ ነው። ጸሐፊ እንደ መሆኔ የሁለቱንም ወገን ቃል በመዝገብ ጽፌአለሁ። ዛሬ ደግሞ የራሴን እናገራለሁ፤ ነጭ ይሁን።

የክሬም ደጋፊዎች «የጉኑኖ አፈር ቀይ ነው፤ ክረምት ሲገባ ጭቃው ነጩን ያበላሸዋል» ይላሉ። የአፈሩ ነገር እውነት ነው፣ ማን ይክዳል? ግን ክሬሙን ጭቃ አይነካውም ያለው ማነው? ክሬም ቆሻሻውን ጥቂት ቀን ይደብቀዋል እንጂ አያጠራውም። ጭቃ የሚደርሰውም እግርና ወንበር እስከሚነካው ድረስ ነው። ስለዚህ ከወለሉ እስከ አንድ ሜትር ጠቆር ያለና የሚታጠብ ቀለም ይቀባ፤ ከዚያ በላይ ነጭ።

ክፍሉ ያለው አንድ መስኮትና አንድ አምፖል ነው። ማታ ማታ ልጆቻችን የሚያጠኑት እዚያው ነው። ንጹሕ ነጭ ከሚያርፍበት ብርሃን ከመቶ 80 ያህሉን ይመልሳል፤ ክሬም እንደ ቢጫነቱ መጠን ወደ 70 ይወርዳል። ይህ ለእኛ ለወሬኞቹ ትንሽ ነው፤ ለሚያነብ ልጅ ግን ትንሽ አይደለም። «ነጭ ዐይን ይወጋል» የሚባለው የሚያብለጨልጭ የዘይት ቀለም ሲሆን ነው። እኛ የምንለው የውሃ ቀለም ነው እኮ!

«ክሬሙ የዘይት ይሁን» ያላችሁም ስሙኝ። በቢጫ ነክ የዘይት ቀለሞች ውስጥ እርሳስ የሚባለው ማዕድን (የምንጽፍበት አይደለም) ሲጨመር ኖሯል። ይህ ማዕድን የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ከአንድ ሚሊዮን ክፍል ከ90 በላይ እርሳስ ያለበትን ቀለም ከልክሏል። የታችኛውም ቀለም ቢሆን ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው ሳይነበብ አይገዛ።

አባላት ሆይ! ገንዘቡ ሳንቲም በሳንቲም ከእናንተ የተዋጣ ነው። እኛ ስንጨቃጨቅ የቀለም ዋጋ ቆሞ አይጠብቀንም። ለጊፋታ ቤቱን የማያጸዳ ማን አለ? የጋራ ቤታችንንስ ለማን ትተነው ነው?

በሚቀጥለው ስብሰባ እጅ ይነሳና ይወሰን። ክሬም ካሸነፈ እኔም ብሩሽ ይዤ እቀባለሁ። ባልተቀባ ክፍል ጊፋታን መቀበል ግን ለሁላችንም ነውር ነው።

ክርክር ይብቃ፣ ብሩሽ ይነሳ!

የማኅበሩ ጸሐፊ
ጉኑኖ