የተማሪን ጭንቀት የሚሰማ ሰው በበጀት ይያዝልን



በዚህ የአንባቢያን ደብዳቤ ዓምድ ላይ ስለ መንገድ መበላሸት፣ ስለ ውሃ መጥፋትና ስለ ባለጉዳይ መጉላላት ብዙ ሲጻፍ አነባለሁ። እኔም ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ የጎደለ ነገር ነው። ነገር ግን ጉድለቱ እንደ መንገድ በዓይን የሚታይ ስላልሆነ፣ በመጀመሪያ በራሴ ላይ ከደረሰው ልጀምር ይፈቀድልኝ።

እኔ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። በ2014 ዓ.ም. ከማስተምራቸው የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ዘወትር ክንዱን ተንተርሶ የሚያንቀላፋ አንድ ልጅ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ሳውቀው እጁን ቀድሞ የሚያወጣ፣ ጥያቄውን ጨርሶ ጓደኞቹን የሚያስረዳ ልጅ ስለነበረ፣ እንቅልፉን ንቀት መሰለኝ። መጀመሪያ ገሠጽሁት፤ ቀጥሎ ከክፍል አስወጣሁት፤ በመጨረሻም ለሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ከሰስሁት። ኮሚቴውም እንደ ደንቡ «ወላጅ ይዘህ ቅረብ» አለው። ልጁ ወላጅ ሳያመጣ ቀረ፤ ከጥቂት ቀን በኋላም እርሱ ራሱ ቀረ። እኔም ስሙን ከመዝገብ ላይ ሰርዤ ትምህርቴን ቀጠልሁ።

ከዓመት በኋላ ከሥራ ስመለስ በተሳፈርሁበት ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ትክ ብሎ አየኝና «ቲቸር፣ የእርስዎን ሒሳብ አልቀበልም» አለኝ። ያ ልጅ ነበር። የመጨረሻው ተሳፋሪ እስኪወርድ ቆየሁና ለምን ትምህርቱን እንደ ተወ ጠየቅሁት። በዚያ ዓመት በሰሜኑ ጦርነት አባቱን አጥቶ ነበር። እናቱም ከመኖሪያቸው ተፈናቅለው የት እንዳሉ ለብዙ ወራት አልታወቀም። እርሱ አዲስ አበባ ከአክስቱ ዘንድ ተጠግቶ፣ ሌሊቱን ስልክ ይደወል ይሆናል እያለ ሲጠብቅ ያድር ነበር። «ወላጅ አምጣ ስትሉኝ የማመጣው ወላጅ አልነበረኝም» አለኝ። ይህን የተናገረው እኔን ለመውቀስ አልነበረም። እንዲያውም ፈገግ ብሎ ነበር የተናገረው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ፈገግታ ከዓይኔ አልጠፋም።

ጥፋቱ ከሁሉ አስቀድሞ የእኔ ነው። አንድ ቀን እንኳ «ምን ሆንህ?» ብዬ አልጠየቅሁትም። ሆኖም ጥፋቴን ካመንሁ በኋላ ሌላ ጥያቄ ይቀራል። በትምህርት ቤቱ ውስጥ ይህን ልጅ መጠየቅ ሥራው የሆነ ማን ነበር? እኔ በስድስት ክፍል ውስጥ ከ300 በላይ ተማሪ አስተምራለሁ። ዳይሬክተሩ ከወንበር ጥገና እስከ ፈተና ምዝገባ ይሯሯጣሉ። አማካሪ ተብለው የተሰየሙ አንድ አስተማሪ ነበሩን፤ ነገር ግን እርሳቸውም እንደ ሌሎቻችን ሙሉ ክፍለ ጊዜ ያስተምራሉ፤ ለምክር ተብሎ የተሰጣቸውም ክፍል የተሰባበረ ወንበር ማከማቻ ሆኗል። ስለዚህ ምክር የሚሹ ተማሪዎች ቢኖሩ፣ ሌሎች አስተማሪዎች ሻይ በሚጠጡበት ክፍል ውስጥ ቆመው ችግራቸውን መዘርዘር ነበረባቸው። የ17 ዓመት ልጅ ይህን እንደማያደርገው ለማወቅ የሥነ ልቡና ሊቅ መሆን አያሻም።

ይህ ነገር በእኔ ትምህርት ቤት ብቻ የደረሰ ቢሆን ኖሮ ጋዜጣውን ባላስቸገርሁ ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በዓለም ላይ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ዓመት ከሆኑት ወጣቶች ከ7ቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት ዘንድም ራስን ማጥፋት ከዋናዎቹ የሞት ምክንያቶች ሦስተኛው ነው። ይህ የዓለም ልክ በአገራችንም ቢሠራ፣ 56 ተማሪ ባለበት ክፍል ቆሜ ሳስተምር ከፊቴ ከተቀመጡት ውስጥ 8ቱ እንዲህ ያለ ሸክም ይዘው ነው ማለት ነው። እኔ ግን የማየው የተማሪን ደብተር እንጂ ሸክሙን አይደለም።

በዚህ ላይ የእኛ ልጆች ያለፉበትን ዘመን እናስብ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ በሰሜን ጦርነት ተነሣ፤ እስከ 2015 ዓ.ም. መጀመሪያም ዘለቀ። በሌሎችም አካባቢዎች ከቀዬው የተፈናቀለው ሕዝብ ብዙ ነው። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች እንዲሰጥ ሆነ። ኩረጃን ለማስቀረት የተወሰደውን ይህን እርምጃ እኔ እንደ አስተማሪ እደግፋለሁ። ውጤቱ ግን ምን እንደ ነበር ሁላችንም ሰምተናል። ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከግማሽ በላይ ያገኙት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ናቸው። ስለ ትምህርት ጥራት ብዙ ተከራከርንበት፤ መከራከራችንም ተገቢ ነበር። ነገር ግን ውጤቱ በወጣበት ሌሊት ስልኩን ይዞ በጨለማ ስለ ተቀመጠው ልጅ፣ በየዓመቱም ስለ ወደቁት በመቶ ሺህ ስለሚቆጠሩ ልጆች፣ ማን ምን አላቸው? ፈተናውን ማጥበቅ ለመንግሥት የሚገባ ሥራ ከሆነ፣ የወደቀውን ደግፎ ማንሣትም የዚያው ሥራ ግማሽ ነው።

እኔ ራሴ ያደግሁት በሚሲዮን አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። እዚያ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሲስተር ነበሩ። ማታ መብራት ከመጥፋቱ በፊት በየአልጋችን እየዞሩ፣ እያንዳንዳችንን በስማችን እየጠሩ «ዛሬ እንዴት ዋልህ?» ይሉን ነበር። እራቱን ያልበላ ልጅ፣ ደብዳቤ ያልመጣለት ልጅ፣ ከጓደኛው የተጣላ ልጅ ማን እንደሆነ ያውቁ ነበር። እናቴ በታመሙበት ዓመት ሦስት ሌሊት ሳልተኛ እንዳደርሁ ያወቁት እርሳቸው ብቻ ነበሩ። ሲስተር የሥነ ልቡና ዲግሪ አልነበራቸውም፤ አማርኛቸውም የተሰባበረ ነበር። ነገር ግን ሥራቸው ያ ብቻ ነበር፤ ሥራው ለአንድ ሰው ተለይቶ የተሰጠ ስለሆነ ይሠራ ነበር። ዛሬ ሳስበው የሚቆጨኝ፣ እኔ በጥቂቶች ቸርነት ያገኘሁትን ነገር ያ የኋላ ወንበር ተማሪዬ በአገሩ የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ማጣቱ ነው።

አንዳንድ ሰዎች «አባቶቻችን ያለ አማካሪ አድገው የለም ወይ? ልጁ ችግርን ይልመድ፤ ሆድ ይፍጀው» ይሉኛል። እኔ ግን አባቶቻችን ያለ አማካሪ አላደጉም እላለሁ። የነፍስ አባት ነበራቸው፤ ሽማግሌ ነበራቸው፤ አጥር የማይለየው ጎረቤት ነበራቸው። ዛሬም ቢሆን አንድ አዋቂ ሰው ሲያዝን ዕድርተኛው ድንኳን ይተክላል፤ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፤ ሐዘንተኛውን ብቻውን የሚያሳድረው የለም። መሥሪያ ቤቱም የሐዘን ፈቃድ ይሰጠዋል። ልጁ ግን ከለቅሶ ማግስት ደብተሩን ይዞ እንዲመጣና የሒሳብ ጥያቄ እንዲሠራ እንጠብቅበታለን። ጽናት የሚገኘው ከሰው ጋር ሆኖ በመሸከም መሆኑን የለቅሶ ድንኳናችን ያስተምረን የለምን? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውም የራሳችን አነጋገር ነው፤ ሆኖም የሚናገርበት ቦታ ላላዘጋጀንለት ልጅ ለምን ደበቅህ ልንለው አንችልም።

ሌሎች ደግሞ «ገንዘቡ ከየት ይመጣል? በጦርነቱ የፈረሱ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ መጽሐፍም አልተሟላም» ይላሉ። ይህ የከበደ መከራከሪያ ነው፤ ቀላል አድርጌም አላየውም። ነገር ግን እዚሁ አዲስ አበባ የሆነውን እናስታውስ። ልጆች በረሀብ ምክንያት በክፍል ውስጥ ራሳቸውን ስተው ይወድቁ ነበር። ያን ጊዜ ረሀብ የየቤተሰቡ ጉዳይ ነው ይባል ስለነበረ፣ የሚያበሏቸው ጥቂት ደጋግ ሰዎች ነበሩ። በ2012 ዓ.ም. ግን የከተማው አስተዳደር ምገባውን በበጀት ይዞ ለ300 ሺህ ያህል ተማሪዎች ቁርስና ምሳ ማቅረብ ጀመረ፤ ቁጥሩም ከዚያ ወዲህ እጅግ ጨምሯል። ገንዘቡ የተገኘው ከተማው በድንገት ስለ በለጸገ አይደለም። የተራበ ልጅ ሊማር አይችልም የሚለው ነገር ከርኅራኄ ወሬነት ወጥቶ በበጀት ሰነድ ላይ አንድ ርእስ ስለ ሆነ ነው። ሌሊቱን በጭንቀት ያደረ ልጅም እንደ ተራበው ልጅ ሊማር አይችልም።

ከምገባው ጋር ሲነጻጸር እኔ የምጠይቀው ወጪ ትንሽ ነው። አንድ ሺህ ተማሪ ላለው ትምህርት ቤት የአንድ ሰው ደመወዝ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን በየዓመቱ በሥነ ልቡና ትምህርት ወጣቶችን ያስመርቃሉ፤ ከእነርሱም ሥራ አጥተው የተቀመጡ አውቃለሁ። ባለሙያው ባልተገኘበት ወረዳም መላ አይታጣም። በ1990ዎቹ አጋማሽ መንግሥት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ለአንድ ዓመት አሠልጥኖ በየቀበሌው ሲመድብ፣ ሐኪም ባልነበረበት ቦታ ክትባትና የእናቶች ምክር ገብቷል። በዚምባብዌም ከ1999 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ አንድ የአእምሮ ሐኪም በሐራሬ ከተማ አረጋውያት እናቶችን አሠልጥነው፣ በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቀን ሰው እንዲያዳምጡ አደረጉ። ሥራውም ተመርምሮ እ.ኤ.አ. በ2016 በታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ ሲወጣ፣ በዚህ መንገድ የተረዱት ሰዎች ከስድስት ወር በኋላ ከሌሎቹ ይልቅ ጭንቀታቸው ቀንሶ ተገኝቷል። ይህ የሆነው በድኻ አገር፣ በአግዳሚ ወንበር ላይ ነው።

እንግዲህ የበኩሌን ሐሳብ ባጭሩ ላቅርብ።

አንደኛ፣ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የአማካሪነት ሥራ ራሱን የቻለ የሥራ መደብ ይሁን፤ ደመወዙም በመደበኛ በጀት ይያዝ። በመደቡ የሚቀመጠው ሰው የማስተማር ክፍለ ጊዜ አይጫንበት። በእርዳታ ድርጅት ፕሮጀክት የተጀመረ ነገር ፕሮጀክቱ ሲያልቅ አብሮ እንደሚያልቅ የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ የለም።

ሁለተኛ፣ አማካሪው በር ያለው አንድ ክፍል ይሰጠው። እዚያም የወደፊት ትምህርት ምርጫ፣ የአጠናን ዘዴና ሌላውም ጉዳይ አብሮ ይታይ። በዚህ ዓይነት ወደ ክፍሉ የገባ ልጅ ሁሉ «እብድ ነው» ተብሎ አይጠቆምበትም። ልጁ የነገረውን ምሥጢር መጠበቅም፣ ሕይወቱ አደጋ ላይ ካልሆነ በቀር፣ በደንብ ተጽፎ ይታዘዝ።

ሦስተኛ፣ የክፍል ኃላፊ የሆንን አስተማሪዎች በክረምቱ ጥቂት ቀን እንሠልጥን። ሐኪም አድርጉን አንልም፤ የሚያንቀላፋን ልጅ ከመክሰሳችን በፊት ምን ብለን እንደምንጠይቀው እንድናውቅ ብቻ ነው።

አራተኛ፣ ከአማካሪው ዐቅም በላይ የሆነው ተማሪ በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ የሚላክበት የታወቀ መንገድ ይኑር። ለብዙ ዘመን የአእምሮ ሕሙማን በአማኑኤል ሆስፒታል በር ብቻ ሲጠብቁ ኖረዋል። ልጆቻችን እዚያ እስኪደርሱ መጠበቅ ለእነርሱም ለመንግሥት ካዝናም ከሁሉ የከፋው ወጪ ነው።

ይህን ጋዜጣ ጠዋት ከቢሮ ስትገቡ የምታነቡ፣ በየመሥሪያ ቤቱ በጀት የምታዘጋጁና የሥራ መደብ የምታጠኑ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ እኔ ፖሊሲ ይውጣ አላልሁም። በምታዘጋጁት ሰነድ ላይ አንድ መስመር ጨምሩልን ነው የምለው። የእናንተም ልጆች ከእነዚያ ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀምጠዋል። ቤት ሲመጡ «ምንም አልሆንሁም» ይሏችሁ ይሆናል፤ ያም ልጅ ለእኔ እንደዚያው ይለኝ ነበር።

እርሱ አሁን በማታው ክፍል እንዲመዘገብ እየጎተጎትሁት ነው። ሒሳብ አስጠናሃለሁ ብዬዋለሁ፤ እስካሁን እሺም እንቢም አላለኝም።



አክባሪዎ፣
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ
ከአዲስ አበባ