ሬክስ ያረጀ ነው ተብሎ ይሳቅበት?

ሬክስ የሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? የአይቢኤሙ ማይክ ካውሊሾ በ1979 እ.ኤ.አ. የጀመረው ነው። ትልልቅ ባንኮች በሚጠቀሙባቸው ሜይንፍሬሞች ላይ ዛሬም ይሠራል።

ብዙ ወጣት ፕሮግራመሮች ስሙን ሲሰሙ የአያቶች ቋንቋ ብለው ይስቃሉ። የኖሩበት አንጋፋዎች ግን ይወዱታል፤ ኮዱ ለማንበብ ቀላል ነዋ!

እኛ ፌዙ አልጣመንም። በ2020 ኮሮና ሥራ አጡን ሲያበዛው፣ የኒው ጀርሲው ገዥ ፊል መርፊ የኮቦል ባለሙያ ያለህ ብለው በአደባባይ ተማጽነዋል። ኮቦል ደግሞ ከሬክስም በ20 ዓመት ይበልጣል። ድጎማ የሚጠብቀው ሰው ስለ ኮዱ ዕድሜ ምን አገባው?

አንጋፋዎቹ ጡረታ እየወጡ ነው። ፓይተን የሚችል ሰው ሬክስ አይከብደውም። ሜይንፍሬም ቤት አይገባም እንጂ ሬክስ እንኳ ላፕቶፕ ላይም በነፃ ይጫናል።