የእርጥበት ሒሳብ

በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በአካባቢያቸው ቤት ውስጥ ስለሚጀመር አነስተኛ ንግድ የሚሰጠው ምክር ዘወትር ከገንዘብ ይነሣል፤ ብድር ከየት ይገኛል፣ መደራጀት እንዴት ይቻላል፣ የመሸጫ ቦታስ ማን ይሰጣል የሚሉት ጥያቄዎች ይቀድማሉ። ጥያቄዎቹ ተገቢ ቢሆኑም፣ ዝናብ በዓመቱ አብዛኛው ወራት በማይለየው በዚህ ምድር የቤት ውስጥ ንግድን ትርፍና ኪሳራ ከብድሩ መጠን ይልቅ የሚወስነው እርጥበት ነው። ኮረሪማው፣ እርዱ፣ ዝንጅብሉ፣ ማሩም ሆነ ቡናው ከጓሮና ከጫካ ወደ ቤት የሚገባው ውኃ አዝሎ ስለሆነ፣ ያን ውኃ ምርቱ ሳይሻግትና ጠረኑን ሳያጣ ማውጣት የቻለ ቤተሰብ ጎረቤቱ የሌለውን ሙያ ለገበያ ያቀርባል።

በቡና አገር ስለ ንግድ ሲታሰብ አስቀድሞ የሚመጣው ቡና መሆኑ አያስገርምም። ይሁን እንጂ ቡና በኢትዮጵያ ሕግ እንደ ሽንኩርትና ድንች ማንም ገዝቶ የሚቸረችረው ሸቀጥ አይደለም፤ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ በኋላም የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ከወጣ ጀምሮ፣ ቡናን ማሰባሰብ፣ ማዘጋጀትና ማዘዋወር የብቃት ማረጋገጫና ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ሆኗል። በዚያ ላይ ቀድሞ በመንግሥት እጅ ቆይተው ወደ ግል ባለሀብት የተዛወሩት የበበቃና የቴፒ እርሻዎች ሰፊ ማሳና የራሳቸው ማዘጋጃ ስላላቸው፣ አንዲት እናት በጓሮዋ በምታሰጣው ጀንፈል (ከነገለፈቱ በደረቀ ቡና ማለት ነው) ከእነርሱ ጋር በብዛት ልትወዳደር አትችልም። ቡና ለቤተሰቡ የዓመት ገቢ፣ ለበዓልና ለትምህርት ቤት ወጪ መሸፈኛ ሆኖ ይቀጥል፤ በየወሩ ለሚንቀሳቀስ የቤት ንግድ ግን በቡናው ጥላ ሥር የሚበቅለው ቅመም ይበልጥ ይመቻል።

የዚህን ምክንያት እርድ ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ከመሬት የወጣ እርድ ታጥቦ ለስላሳ እስኪሆን ድረስ ለአንድ ሰዓት ያህል ይቀቀላል፤ መቀቀሉ ቀለሙ በሥሩ ውስጥ እኩል እንዲሰራጭ፣ ሥሩም ዳግም እንዳያቆጠቁጥና ሲሰጣ በእኩልነት እንዲደርቅ ያደርጋል። ከዚያም በፀሐይ ሲደርቅ 100 ኪሎ እርጥብ እርድ ወደ 20 ኪሎ ገደማ ይወርዳል። ይህች ቀላል ቁጥር የንግዱን ዕጣ ትወስናለች፤ ምክንያቱም የደረቀው እርድ የአንድ ኪሎ ዋጋ የእርጥቡን ዋጋ አምስት እጥፍ ካልደረሰ፣ ሻጩ ጥሬ ዕቃውን የገዛበትን ገንዘብ እንኳ አይመልስም፤ ማገዶው፣ ጉልበቱና ማዳበሪያው (ጆንያው) ገና አልተቆጠሩም። በአንጻሩ እርጥቡን እንዳለ ወደ አዲስ አበባ የሚጭን ነጋዴ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ በሚሆነው መንገድ ላይ ከእያንዳንዱ 100 ኪሎ ውስጥ 80 ኪሎ ውኃ እያጓጓዘ የጭነት ኪራይ ይከፍላል። ስለዚህ የማድረቅ ሥራ በጭነቱ ኪራይና በሁለቱ ዋጋዎች ልዩነት መካከል የምትገኘውን ጠባብ ቦታ የመያዝ ጥበብ ሲሆን፣ ይህን ሳያሰላ እርጥብ እርድ በኩንታል የሚገዛ ጀማሪ ከስሮም ያተረፈ ይመስለዋል።

የኮረሪማ ጉዳይ ትንሽ ይለያል። ኮረሪማ የዚህ አገር በቀል ቅመም ሲሆን ከደቡብ ምዕራብ ጫካ ወጥቶ በየቤቱ ወጥ፣ በርበሬና ቡና ውስጥ ይገባል፤ ጠረኑን የሚሰጠው በፍሬው ውስጥ ያለው በቀላሉ የሚተን ዘይት በመሆኑ፣ ገለፈቱ ሳይሰነጠቅ የደረቀ ፍሬ ከተፈለፈለው ወይም ከተፈጨው ይልቅ ሽታውን ለረዥም ጊዜ ይጠብቃል። ችግሩ የሚጀምረው ከለቀማው ነው፤ ዝንጀሮና ሌባ ይቀድመኛል የሚል ገበሬ ፍሬው ሳይቀላ ይቆርጠዋል፤ ያልበሰለውም ሲደርቅ ተጨማዶ ይቀራል። ቀጥሎ የሚመጣው ስጋት መሬት ላይ ማስጣት ነው፤ አፈርና ሻጋታ ያገኘው ኮረሪማ በገበያ ዋጋው ወዲያው ይወድቃል። ከምድጃ በላይ ሰቅሎ በጭስ ማድረቅ ለዝናባማው ወር የተገኘ ብልሃት ቢሆንም ጭሱ የኮረሪማውን ጠረን ስለሚሸፍነው፣ ጥራት ለሚጠይቅ ገዢ የሚዘጋጅ ምርት ከዚህ ቢርቅ ይመረጣል።

መፍትሔው ውድ መሣሪያ አይደለም። ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ከእንጨትና ከሽቦ ወንፊት የሚሠራ አልጋ፣ ዝናብ ሲመጣ የሚጎተት ግልጽ ላስቲክ፣ ማታ ማታ ምርቱ የሚሰበሰብበት ነፋስ የሚያገኝ ክፍል ካለ አብዛኛው ሥራ ይከናወናል። ከታች የሚገባው አየር የሚሠራው ሥራ ከፀሐዩ አያንስም፤ ብዙዎች ይህን ስለማያምኑ ምርቱን በላስቲክ አፍነው ያፈሉታል። የደረቀ እርድ ሲሰበር ጥርት ያለ፣ ብረት የመሰለ ድምፅ ያሰማል፤ ታጥፎ የሚቀረው ገና ነው፤ ይህን የጆሮ ምርመራ ለማድረግ የእርጥበት መለኪያ መግዛት አያስፈልግም። በቅመምና በቡና ላይ ለረዥም ጊዜ የሠራው የቴፒ ግብርና ምርምር ማዕከል እዚያው ደጃፍ ላይ እያለ፣ ጀማሪ ነጋዴዎች የዘርና የአደራረቅ ምክር ከደላላ መስማታቸው የሚያሳዝን ነው።

ማርም ከእርጥበት ሒሳብ አያመልጥም። የሸካ፣ የቤንችና የከፋ ደኖች በዛፍ ላይ በሚሰቀሉ ባህላዊ ቀፎዎች የታወቁ ሲሆኑ፣ ዓለም አቀፉ የምግብ መስፈርት በማር ውስጥ የሚፈቅደው የውኃ መጠን ከ20 በመቶ የማይበልጥ በመሆኑ፣ ንቦቹ በሰም ያልከደኑት ማር ተቆርጦ ከተቀላቀለ ዕቃው ውስጥ መፍላት ይጀምራል። ማር ከአየርም እርጥበት ይስባል፤ በዝናብ ቀን ተከፍቶ የሚጣራ ማር ጥራቱን በዚያው ቀን ያጣል። የተከደነውን የማር እንጀራ ለይቶ የሚገዛ፣ በደረቅ ቀን የሚያጣራና በጥብቅ ክዳን የሚያስቀምጥ ቤተሰብ ከሰፈሩ ጠጅ ጣይ ያለፈ ደንበኛ ማፍራት ይችላል፤ ከማጣራቱ የሚቀረው ሰፈፍም ቀልጦና ተጣርቶ ሰም ሆኖ የሚሸጥ ሁለተኛ ምርት ነው።

እስካሁን የተባለው የቤቱን ደካማ ጎን አላነሣም፤ እርሱም ቤት ወጪን መደበቁ ነው። በ2003 ዓ.ም. የተሻሻለው የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ስትራቴጂ ጥቃቅን የሚላቸውን ድርጅቶች የቤተሰብ አባላትን ጨምሮ እስከ 5 ሰው የሚያሠሩ አድርጎ ሲተረጉም፣ የቤተሰብ ጉልበት የድርጅቱ ጉልበት መሆኑን መቀበሉ ነበር። በየቤቱ ግን ያ ጉልበት በነጻ ይታለፋል። የታለፈ ዕድል ዋጋ የሚባለው፣ አንድን ሥራ በመሥራት የቀረው የሌላው ሥራ ገቢ ሲሆን፣ በዚህ አካባቢ መለኪያው ሩቅ አይደለም፤ በቡና ለቀማ ወራት እሸት ለቅሞ የሚገኘው የቀን ገቢ ነው። አንዲት ልጅ እርድ ስትገለብጥ የዋለችበት ቀን በዚያ ገቢ ተተምኖ፣ የማገዶው ዋጋና አልጋው በየዓመቱ የሚያረጅበት ድርሻ ተደምረው ከሽያጩ ሲቀነሱ የሚተርፈው ነው የተጣራ ትርፍ የሚባለው። ይህ ስሌት አንዳንዱን ንግድ ባዶ ያስቀረዋል፤ ባዶ መሆኑን ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ማወቅ ግን ከአምስተኛው በኋላ ከማወቅ ይሻላል።

በአንድ ሰብል ላይ ብቻ መደገፍ ምን እንደሚያስከትል ዝንጅብል አስተምሯል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የተስፋፋው የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ በአፈርና በተበከለ የዘር ሥር እየተዛመተ የደቡብን የዝንጅብል ማሳዎች ሲያወድም፣ ገቢያቸው ዝንጅብል ብቻ የነበረ ቤቶች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። የማድረቂያ አልጋው ግን ዝንጅብሉ ሲጠፋ እርድ፣ እርዱ ሲያልቅ ኮረሪማ ይቀበላል፤ ዘላቂው ሀብት እርሱና አጠቃቀሙን የሚያውቀው እጅ ናቸው።

ከዚህ በኋላ ብድሩን ማንሣት ይቻላል። የአነስተኛ ብድር ተቋማት በብዛት የሚያስከፍሉት በየወሩ ሲሆን፣ መስከረም ላይ የተገዛ እርጥብ ምርት ደርቆ፣ ተለይቶና ተሸጦ ገንዘብ የሚሆነው ከወራት በኋላ ነው፤ ተበዳሪዋም የመጀመሪያውን ክፍያ ለመክፈል ገና በአልጋው ላይ ያለውን ምርት በግማሽ ደረቁ፣ በግማሽ ዋጋ ትሸጣለች። ስለዚህ አበዳሪው የመክፈያውን ቀን ከሽያጩ ወቅት ጋር ቢያስማማ፣ ወይም ጀማሪዋ የአልጋውን ሥራ በዕቁብ ዕጣዋ ጀምራ ብድሩን ለጥሬ ዕቃ መግዣ ብቻ፣ ያውም ከለቀማው ጥቂት ሳምንታት በፊት ብትወስድ፣ የተበደረችውን ያህል ጊዜም ታገኛለች።