ጨዋታ አዋቂው ልጅ

ልጅዎ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ውሎውን እየተወነ ይተርክልዎታል? የአስተማሪውን አረማመድ፣ የጓደኛውን አነጋገር እያስመሰለ ቤቱን በሳቅ ይሞላዋል? ብዙዎቻችን ጥቂት ስቀን «በል አሁን ቀልዱን ተውና አጥና!» እንላለን። ቀልድ የሥራ ፈት ነው ብለን ስለምናምን ይሆን?

እስቲ ወደ ደቡብ ጎንደር እንሻገር። በምሥራቅ በኩል ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ አሉ። የጋይንቷ ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ በዚህ አገር ቃል ተመዝኖ ይነገራል። በምዕራብ በኩል ደግሞ የፎገራው አለቃ ገብረ ሐና አሉ። አለቃ አህያ የምትነዳ ሴት አግኝተው «እንደምን ዋላችሁ?» አሏት ይባላል። ቀልዱ በሙሉ ያለው «አችሁ» ላይ ነው፤ ሰላምታው ለአህያዋም ደርሷታል! ቀልደኛው አለቃ ግን ትልቅ ሊቅም ነበሩ። በልጃቸው ስም «ተክሌ» የሚባለው የአቋቋም ስልት የእርሳቸው ሥራ ነው።

ይህ ጨዋታ በኋላ መድረክ ላይ ወጥቶ እንጀራ ሆነ። አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ ጥንድ ሆነው አገሩን አሳቁ፤ አለባቸው ቆየት ብሎ የራሱን የቴሌቪዥን ዝግጅት መራ። በእኛ ዘመን ደግሞ ኮሜዲያን እሸቱ መለሰ አለ። ከመድረክ ቀልድ ተነሥቶ «ዶንኪ ትዩብ»ን መሠረተ፤ እንግዶቹን የሕይወት ታሪካቸውን ያስተርካል፣ በ«ድንቅ ልጆች» ሕፃናትን ያናግራል። በ2017 ዓ.ም. ለመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በቀጥታ ሥርጭት ገንዘብ ሲያሰባስብ፣ የተገኘው በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር ነበር። የሰውን ጆሮ መያዝ የቻለ ልቡንም ሊያገኝ እንደሚችል አየን።

ሁሉም ልጅ ኮሜዲያን አይሆንም፤ መሆንም የለበትም። ነገርን በቅደም ተከተል መተረክ፣ የት ዝም እንደሚባል ማወቅ፣ የአድማጭን ፊት ማንበብ ግን ለሐኪሙም ለጠበቃውም ይጠቅማል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ እራት ላይ ስልኮቹን ያርቁና ልጅዎን ያጫውቱት። ፍጻሜውን ቀድመው አይንገሩበት፤ «ከዚያስ?» ይበሉት። በአካል ጉዳተኛ ወይም በድሃ ላይ ከቀለደ ግን ያስቁሙት፤ በራሱ ላይ መቀለድን ያስተምሩት። ጥናቱ ከጨዋታው በኋላም ይደርሳል።