የገብስ ዘር ጥበቃ ከማሳው ይጀምር

ከጋፋት እስከ ጉና ግርጌ ባለው ደጋ ገበሬው የሚዘራው ገብስ በአብዛኛው ካለፈው ዓመት ምርቱ ያስቀረው ነው። ስለዚህ የዘር ጤና ሰኔ ላይ መድኃኒት በመቀላቀል ብቻ አይረጋገጥም። አረማሞ የተባለውን የገብስ በሽታ እንውሰድ። አንደኛው ዓይነት ጥቁር ዱቄቱ አውድማ ላይ ሲፈረፈር ከጤነኛው ፍሬ ገለባ ላይ ይጣበቃል፤ ዘሩ የሚታሽበት መድኃኒት ይደርስበታል። ሌላው ግን ገብሱ ሲያብብ በነፋስ መጥቶ ፍሬው ውስጥ ይገባና እዚያው ይተኛል። ፍሬው ሲያዩት ሙሉና ንጹሕ ነው፤ ላዩን ብቻ የሚሸፍን መድኃኒት አይነካውም። እሱን ለመከላከል ገብሱ ሲያዘረዝር የጠቆረውን ዛላ ሳይበን በከረጢት ሸፍኖ ነቅሎ ማቃጠል፣ ከታመመ ማሳ አጠገብ ያለውንም ለዘር አለመያዝ ይሻላል።

ይህ በአረም ወቅት ጉልበት ይጠይቃል የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው። ግን ለአንድ ሄክታር የሚያስፈልገው ዘር 1 ኩንታል ገደማ ስለሆነ፣ ለዘር የተለየች የማሳ ጥግ መጠበቅ ይበቃል። «ምርጥ ዘር ይቅረብ» የሚሉትም ልክ ናቸው፤ እስኪዳረስ ድረስ ግን ገበሬው የራሱን መዝራቱ አይቀርም። መድኃኒቱንም አልቃወምም። ሆኖም የታሸ ዘር አይበላም፤ ጎተራ በሚራቆትበት ክረምት ቢበላ ቀላል አደጋ አይደለም። ስለዚህ ማሸቱ ለመዝሪያው ዋዜማ ይቆይ፤ የቀበሌው የግብርና ባለሙያም ገብሱ ማዘርዘር ሲጀምር የዘር ማሳዎችን ይዙር።